አዲስ ኮፒ ክራንክ ወይስ የራሳችሁን ግራይንድ ማስደረግ?

በዚህ ሁለት ወር ውስጥ ብቻ ስድስት ሰው ደውሎ "ክራንኬ ተበላ፣ የቱን ልግዛ?" ብሎኛል። ሁለቱ የመናኸሪያ ጓደኞቼ ናቸው፣ አንዱ የእህቴ ባል፣ ለቀሩት ቁጥሬን ማን እንደሰጣቸው እንጃ። ሁሉም ወሬውን የሚጀምሩት "አንተ እንኳ ተቃጥለህበታል" እያሉ ነው። እውነት ነው፣ ተቃጥያለሁ። ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ከማወራ አንዴ ልጻፈውና የደወለ ሁሉ ያንብበው።

ክራንክ ማለት ፒስተኖቹ ሲወጡና ሲወርዱ የሚዞረው የሞተሩ ዋና ዘንግ ነው፤ ግራይንድ ደግሞ የተበላውን ፊቱን በማሽን ድንጋይ ፍቆ ማለስለስ። መልሴን አላስጠብቃችሁም። የራሳችሁ ክራንክ ካልተሰነጠቀና ገና 050 (ተፍቆ በ0.50 ሚሊ ሜትር መቅጠን) ካልደረሰ ግራይንድ አስደርጉት፤ የተረፈውን ገንዘብ ቤሪንግ ላይ አውሉት። በሚያብረቀርቅ ካርቶን የመጣውን ኮፒ ክራንክ ግን በነጻ ቢሰጧችሁም አትግጠሙት። ቤሪንግ ስል ኩሽኔታ ማለቴ አይደለም፤ ክራንኩን ከላይና ከታች የሚያቅፉትን ግማሽ ክብ ሽፋኖች ነው፣ የሜይኑንም የቢዬላውንም። ሜይን ክራንኩ ራሱ ሞተሩ ውስጥ የሚያርፍበት ቦታ ነው፣ ቢዬላ ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያያይዘው ክንድ፣ ፒን ደግሞ ቢዬላው የሚይዘው የክራንኩ ክፍል።

መኪናዬ ባለ 5ኤል ሞተር ቶዮታ ሚኒባስ ናት። አብዛኛውን ጊዜ ከጎንደር ባሕር ዳር ትመላለሳለች፣ አልፎ አልፎ መተማ ትወርዳለች።

ወደ ዋጋው እንግባ፤ የሚደውለውም ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ጀምሮ፣ የመለዋወጫ ዋጋ ጠዋት የሰማኸው ማታ አይገኝም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጠራው ሁሉ እኔ የከፈልኩት ወይም በጊዜው የተጠራልኝ ነው። ቁጥሩ ቢቀየርም በመካከላቸው ያለው ርቀት ብዙ አይቀየርም።

አዲስ ኦርጅናል ክራንክ 118,000 ብር ተባልኩ፣ ቤሪንግ ሳይጨምር። ኮፒው 46,000 ብር ነበር፤ በላዩ ላይ ሙሉ ቤሪንግ "በስጦታ"። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ የጃፓን ክራንክ 34,000። የራስን ክራንክ ግራይንድ ማስደረግ ደግሞ፣ አምስት ሜይንና አራት የቢዬላ ፒን፣ በጠቅላላ ዘጠኝ ቦታ፣ 7,500 ብር። ታይሆ የሚባለው የጃፓን ቤሪንግ፣ የሜይንና የቢዬላ ከነትረስት ዋሸሩ፣ 11,400። ሞተር አውርዶ የመመለስ የእጅ ዋጋ 14,000፣ ዘይት ከነፊልትሩና ጓርኒሲዮኑ 5,800። እነዚህ ሁለቱ የትኛውንም ብትመርጡ አይቀሩላችሁም።

እንግዲህ እኔ ያደረግኩትን ስሙ። ነሐሴ ላይ የዘይት መብራቷ ሞተሩ ሲሞቅ ብልጭ ማለት ጀመረች፣ ቆይቶ ቢዬላው አንኳኳ። አዘዞ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉኝ፤ ሞተሩን ከፍተው ክራንኩን በማይክሮሜትር ለኩና "ልጄ፣ ይሄ ገና ድንግል ነው፣ አንድ ጊዜም አልተነካ። 025 ብታስደርገው ይጸዳል" አሉኝ። እኔ ግን ግራይንደር ቤቱ ስምንት ቀን ወረፋ ሲለኝ ልቤ ቸኮለ። ዕቃ ሻጩ ልጅም "አዲስ እያለልህ አሮጌ ምን ያደርግልሃል?" አለኝ። "ጋሼ፣ አዲስ ገዛሁ" ብዬ ካርቶኑን ይዤላቸው ስሄድ አንዴ አዩት፣ አንዴ እኔን አዩኝ፣ "ይሁንልህ" ብለው ገጠሙልኝ። የድሮውን ክራንክ በዚያው ሳምንት ለቆራሌው ሸጥኩት። በ1,400 ብር።

አራት ወር ሠራች። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከመተማ ስመለስ፣ አይከል ልገባ ዳገቱ ላይ አንኳኳች፤ ዳር ይዤ ሳላጠፋት ነከሰች፣ ሞተሩ ተይዞ ቆመ። ጎንደር የገባነው ተጎትተን ነው፣ 12,000 ብር። ሞተሩ ሲከፈት የሦስተኛው ቢዬላ ቤሪንግ ከቦታው ተነቅሎ ከፒኑ ጋር ሲዞር ኖሯል። ጋሼ ምንም ያልሆኑትን አንደኛውንና አራተኛውን ፒን ለኩ፤ በመካከላቸው የ0.04 ሚሊ ሜትር ልዩነት አለ። የቶዮታ መመሪያ አንድ ፒን ላይ የሚፈቅደው የክብነት መዛባት እስከ 0.02 ነው፤ እዚህ ግን አዲስ የተባለ ክራንክ ሁለት ፒኖቹ እንኳ አይተዋወቁም። ቀጥለው በሞረድ ጫፍ ጫር አደረጉት፣ ሞረዱ ነከሰ፤ ብረቱ ለስላሳ ነው ማለት ነው። ኦርጅናሉ ላይ ሞረድ ይንሸራተታል። የዘይት ቀዳዳዎቹ አፍ ደግሞ እንደ ምላጭ ስለት ነበረው፤ መዶልዶም የነበረበትን ጠርዝ ማንም አልነካውም። ያ ስለት ቤሪንጉን በዞረ ቁጥር ሲልጠው ነው የከረመው።

ጥር 10፣ ከተራ ዕለት፣ ከባሕር ዳር ጎንደር ሰው መኪና አጥቶ መንገድ ላይ ቆሞ፣ የእኔዋ አዘዞ በድንጋይ ተደግፋ ነበር። ያንን ኪሳራ ሒሳብ ውስጥ አላስገባውም፣ ያመኛል።

ሌላውን ግን ደምሬዋለሁ። ኮፒውን ስገጥም 65,800 ብር ወጣብኝ። በሁለተኛው ዙር ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ክራንክ አስመጣሁ፣ ግራይንድ፣ ታይሆ ቤሪንግ፣ እጅ፣ ዘይት፣ መጎተቻ፣ 84,700። ድምሩ 150,500 ብር። መጀመሪያ ጋሼን ሰምቼ ቢሆን 38,700 ብር ብቻ ይበቃኝ ነበር። የስምንት ቀን ወረፋ ላለመጠበቅ 111,800 ብር ከፈልኩ ማለት ነው። ቀኑን በ14,000 ብር ገደማ ገዛሁት።

ስለ ግራይንድ አንዳንዱ ሰው "ብረቱ ያልቃል" ብሎ ይፈራል። የ5ኤል ሜይን ሲወለድ 62 ሚሊ ሜትር ነው፣ የቢዬላው ፒን 55። 025 ስታስደርጉት ሜይኑ ወደ 61.75 ይወርዳል፣ ቤሪንጉም በያንዳንዱ ግማሽ 0.125 ሚሊ ሜትር ወፍሮ ይመጣል፣ አለቀ። ቀጥሎ 050 አለ። ራሱ ቶዮታ ለዚህ ብሎ ቤሪንግ የሚያወጣለት ነገር ነው፤ የሰፈር ብልሃት አይደለም። የሚያስፈራው የግራይንዱ ጥራት ነው። ፒኑ ከጎኑ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ክብ ሆኖ መቅረት አለበት። ልጁ ቸኩሎ ቀጥ ያለ ጥግ ካወጣበት ክራንኩ አንድ ቀን እዚያች ጥግ ላይ ይሰበራል። ስትረከቡ ጥፍራችሁን በጥጉ አስኪዱት፤ ከያዘ መልሱት። ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ አንጠልጥላችሁ በትንሽ መዶሻ ንኩት። ደህናው እንደ ደወል ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ዱብ ይላል። ዱብ ካለ ገንዘባችሁን ለግራይንድ አታውጡ።

ከግራይንድ ሲመለስ በዘይት መሄጃው ውስጥ የድንጋዩ ዱቄት አለ። "አጥበነዋል" ይሏችኋል። እናንተ በሽቦ ብሩሽና በናፍጣ ደግማችሁ እጠቡት፣ በኮምፕረሰር አየር ንፉበት፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ጥቁር እስካይወጣ። ይሄ የጓደኛዬን ሞተር በሁለት ሳምንት የገደለ ነገር ነው፤ ክራንኩም ደህና፣ ቤሪንጉም ኦርጅናል ሆኖ።

አሁን ቤሪንጉ። እዚህ ላይ ነው ገንዘብ መቆጠብ የሌለባችሁ። ኮፒው 2,200 ብር ነው፣ ታይሆው 11,400 ብር። ልዩነቱ 9,200 ብር ይመስላል፤ የእጅ ዋጋና ዘይት ሁለት ጊዜ ከመክፈል ጋር ስታነጻጽሩት ግን እንኳን ብዙ ሊሆን፣ ኢምንት ነው። ችግሩ፣ የታይሆ ካርቶንም ይኮረጃል፤ ካርቶን አይታችሁ አትመኑ፣ ዕቃውን አውጡት። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ወደ ብረቱ የገባ ይሁን፣ በቀለም የተጻፈ አይሁን፤ መጠኑ፣ ኤስቲዲ (ግራይንድ ያልነካው ክራንክ ልክ) ወይም 025 ወይም 050፣ እዚያው ይታተማል። ከዚያ ቢዬላው ቤት ውስጥ በጣታችሁ ተጭናችሁ አስገቡት። ደህና ቤሪንግ ከቤቱ ትንሽ ሰፋ ብሎ ስለሚሠራ ቀጭ ብሎ ይይዛል፣ ቢዬላውን ብትገለብጡትም አይወድቅም። ኮፒው ጠብ ይላል። እኔ "በስጦታ" የተሰጡኝ የቢዬላ ቤሪንጎች ስምንቱም ጠብ ይሉ ነበር፣ ያኔ ማን ልብ ብሎ!

ኤስቲዲ የምትገጥሙ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ፤ ቢዬላው ክዳን ላይ 1፣ 2 ወይም 3 የሚል ቁጥር አለ፣ ቤሪንጉም ያንኑ ቁጥር ይዞ ነው የሚገዛው። ሻጩ "ሁሉም ያው ነው" ካላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ቤሪንግ ላላ ሲልባቸው ከጀርባው ወረቀት የሚያስገቡ፣ ክዳኑን በሞረድ የሚያስበሉ መካኒኮች ዛሬም አሉ። ሙቀቱ የሚወጣው በቤሪንጉ ጀርባ ነው፤ ወረቀት ከከለከለው ነጩ ብረት ይቀልጣል። ክዳኑ ከተበላ ደግሞ ቤቱ ክብ መሆኑ ይቀራል። እንዲህ የሚያደርግ ካያችሁ መፍቻውን ተቀበሉት። በቤሪንጉና በፒኑ መካከል ያለው ክፍተት ፕላስቲጌጅ በሚባል የሚጨፈለቅ የፕላስቲክ ክር ይለካ፤ ክሯን ፒኑ ላይ አጋድሞ፣ ክዳኑን በልኩ አጥብቆ፣ ከፍቶ ስፋቷን ማንበብ ነው። 0.10 ሚሊ ሜትር ካለፈ ተበልቷል፣ ከ0.03 እስከ 0.06 አካባቢ ከሆነ ሻይ ጠጡ።

የራሳችሁ ክራንክ 050 አልፎ ከሆነ ወይም እንደ እኔ ለቆራሌው ሰጥታችሁት ከሆነ፣ ያገለገለ የጃፓን ክራንክ ከአዲሱ ኮፒ ይሻላል። ግን ጎንደር ተቀምጣችሁ በስልክ አትዘዙ። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጭኖ የመጣ ዕቃ መመለስ የለም፤ "ስትወስድ አይተህ ነበር" ይላሉ፣ ባታዩትም። ማይክሮሜትር የሚያነብ ሰው ይዛችሁ ሂዱ ወይም ላኩ። የ2ኤል ክራንክም ለ5ኤል ብለው ይሰጧችኋል፤ የ2ኤል ስትሮክ፣ ማለት ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች የሚሄደው ርቀት፣ 92 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ5ኤል 96፣ ሲጋደም አይለይም። እኔ የላክሁት የአጎቴ ልጅ ሦስት ክራንክ አስለክቶ አራተኛውን ነው ያመጣልኝ፤ ከሦስቱ አንዱ ጎብጦ ነበር።

አዲስ ኦርጅናል? መጥፎ ነገር የለውም፣ ገንዘቡ ነው እንጂ። መኪናዋ የመሥሪያ ቤት ከሆነችና ደረሰኝ የሚጠየቅባችሁ ከሆነ ግዙት። በተራ ለሚሠራ ሚኒባስ ግን በ110,500 ብር ልዩነት ምን ታገኛላችሁ? ደህና ግራይንድ የተደረገ ኦርጅናልና አዲስ ኦርጅናል ዳገት ላይ አይለያዩም።

ለአይሱዙ ባለቤቶች ግን ይሄ ምክር እንዳለ አይሠራም። አንዳንዱ የአይሱዙ ክራንክ ላዩ ብቻ በናይትሮጅን የጠነከረ ነው፣ ግራይንድ ሲደረግ ያ ቆዳ ይነሳል። ያረጀ ክራንክ ቆዳው መኖር አለመኖሩን የሚለዩበት የመዳብ ጨው ውሃ አለ፤ ይቀቡትና እስከ 40 ሴኮንድ ይጠብቃሉ፤ መዳብ መስሎ ከቀላ ቆዳው የለም፣ ይቀየራል። የእናንተን መካኒክ ሳታማክሩ ወደ ግራይንደር ቤት እንዳትሮጡ።

ትናንት የደወለልኝ ስድስተኛው ሰውዬ፣ ኮፒውን በ52,000 ብር ሊቀበል ቀብድ ከፍሏል። "የድሮው ክራንክህስ?" አልኩት። "አልጋ ሥር ነው" አለኝ። እንዳይጎብጥ አቁሞ፣ ዘይት ቀብቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ እንዲያስቀምጠው ነገርኩት። ቅዳሜ ማይክሮሜትር ይዘን እንሄዳለን፤ ጋሼ እሺ ብለዋል።