ችክችካ የሚችል ክር፦ ዳዳሪዮ ኢጄ16

ሪትም ጊታር ለሚመታ ሰው ከጊታሩ ይልቅ ክሩ ይቅደም። ኢጄ16 ዳዳሪዮ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ባለ ስድስት የጊታር ክር ስብስብ ነው፤ ዓይነቱ ፎስፈር ብሮንዝ (የመዳብ ቅይጥ) ነው፤ ውፍረቱ ከቀጭኑ ክር 0.012 ጀምሮ እስከ ወፍራሙ 0.053 ኢንች ይደርሳል። ጀማሪ ለጣቱ አዝኖ ከ0.010 የሚጀምረውን ይገዛል። ለሶሎ ይሁንለት። ችክችካ ሲገረፍበት ግን ቀጭን ክር ልል ስለሆነ በየምቱ መነሻ ድምፁ ወደ ላይ ሸሽቶ ይመለሳል፤ ቹነሩ (የቅኝት መለኪያው) ልክ ነው ቢልም ዘፋኙ አይስማማም። 0.012 እንዲህ ቶሎ አይሸሽም።

እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1987 በአሜሪካዊው የካውንት ቤዚ ጃዝ ባንድ ሪትም ጊታር የመታው ፍሬዲ ግሪን ክሩን ከጊታሩ አንገት ከፍ አድርጎ ይጠቀም ነበር። ኮርዱን (አብረው የሚመቱትን ኖታዎች) ሙሉ አያስጮህም፤ ሁለት ሦስት ክር ያሰማና ሌላውን በግራ እጁ ያፍናል። ለወሎ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም፦ ክራር ሲገረፍም ቀኝ እጅ ሁሉንም ይጠርጋል፣ ግራ እጅ የማይፈለገውን ያፍናል።  በዚህ ክር ላይ የታፈነው ምት ደረቅና ጥርት ያለ «ጭክ» ይሰጣል፤ ዋጋውን የሚያስከፍለውም ይኸው ነው።

በሲ የተቃኘ ትዝታ ሜጀር ላይ ይሞክሩት። የተለመደው ጂ ኮርድ ቢ ኖታ አለበት፣ ቢ ደግሞ ከቅኝቱ ውጭ ናት። 6ኛውን (ወፍራሙን) ክር 3ኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለ የብረት መስመር) ላይ ይዘው በዚያው ጣት 5ኛውን ይንኩና ያፍኑ፤ 4ኛና 3ኛ ክፍት፤ 2ኛና 1ኛ ሁለቱም 3ኛ ፍሬት። ጂና ዲ ብቻ ይቀራሉ፣ ትዝታውም አይደፈርስም።

ፒያሳ ሲገዙ ማሸጊያውን ያስከፍቱ። ስድስቱ ክሮች በአንድ የታሸገ ከረጢት ይመጣሉ፤ ጫፋቸው ላይ ያለችው ቀለበትም ከቀጭኑ ጀምሮ ብርማ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ቀይና የናስ ቀለም ናት። እያንዳንዱ በወረቀት ፖስታ ከሆነ አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ይመልሱት።

ናይለን ክር ባለው ክላሲክ ጊታር ላይ ይህን ክር በፍጹም አይግጠሙት። ስድስቱ ተባብረው ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ፤ ብሪጁን (ሆዱ ላይ ክሩ የሚታሰርበትን እንጨት) ይነቅሉታል። በብረት ክሩ ጊታር ላይ አንድ በአንድ ይቀይሩ፤ ክሩን ብሪጁ ላይ የሚይዘውን ፒን ከመግፋትዎ በፊት ክሩን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ቀለበቷ ከውስጥ እንድትያዝ ያድርጉ፣ አለዚያ ፒኑ ሲወጠር ይዘላል። ክሩ ሲቃኝ «ጥክ» እያለ ከዘለለ ነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ የሚያልፍበት ባለ ቦይ ድጋፍ) ለ0.010 የተቆረጠ ነው፤ ቦዩን በእርሳስ ይቀቡት፣ ካልሆነ ባለሙያ ያስፋው። 12ኛው ፍሬት ላይ 6ኛው ክር ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ከፍ ቢል ለግርፍ ይበቃል። ዝቅ ካለ ይንጫጫል።

ደሴ ላይ ተቃኝቶ ኮምቦልቻ የወረደ ጊታር ይረግባል፤ ክሩ በሙቀት ይለጠጣል። ከሻንጣው አውጥተው ሩብ ሰዓት ያህል ያቆዩትና ያቃኙት፤ ሲመጡ ወዲያው ያቃኙት ከሆነ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ደግመው ይጠመዝዛሉ።