ለበጎ ፈቃደኛ ቡድኖች የሚሸጠው የቡድን የአደጋ መድን፦ ምን ይሸፍናል? የቱ ጋ ይጎድላል?

ክረምት ሲገባ በየወረዳው የአቅመ ደካሞችን ቤት የሚያድሱ ወጣቶች ጣሪያ ላይ ይወጣሉ፣ ያረጀ ቆርቆሮ ያወርዳሉ፣ የበሰበሰ የጭቃ ግድግዳ ያፈርሳሉ። ደመወዝተኛ ስላልሆኑ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለሠራተኛ ያስቀመጠው የጉዳት ካሳ አይደርሳቸውም። ይህን ክፍተት በአነስተኛ ገንዘብ የሚሸፍነው ኩባንያዎች «የቡድን የግል አደጋ መድን» የሚሉት ውል ነው። ለዋጋው ጥሩ ውል ነው፤ የመድን ማመልከቻ ቅጹ ላይ የሰፈረው ከሚሠራው ሥራ ጋር ካልተገናኘ ግን የተከፈለው ገንዘብ ባከነ ማለት ነው።

አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለው ገንዘብ፣ የሚሰላው በእያንዳንዱ ሺህ ብር ሽፋን ነው። ለስሌት ያህል፣ ተመኑ በሺህ 3 ብር ቢሆንና ለአንድ ሰው የ100,000 ብር ሽፋን ቢገባ፣ ዓመታዊ ክፍያው በነፍስ ወከፍ 300 ብር፣ ለ40 ሰው 12,000 ብር ይመጣል። ተመኑ ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ ቢያንስ ከሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቁ። ሥራችሁ የሁለት ወር ከሆነ የዓመቱን አንድ ስድስተኛ ብቻ እንከፍላለን ብላችሁ አትጠብቁ፤ የአጭር ጊዜ ውል የራሱ ተመን አለው፣ ከወራቱ ድርሻም ከፍ ይላል። በበጋም ጽዳትና ሌላ ሥራ ያለው ቡድን የዓመቱን ቢገዛ ያዋጣዋል።

ሽፋኑ ሞትን፣ ዘላቂ የአካል ጉዳትንና የሕክምና ወጪን ይይዛል። ዘላቂ ጉዳት የሚከፈለው ከውሉ ጋር በተያያዘው ሰንጠረዥ መሠረት ከሽፋኑ ገንዘብ በመቶኛ ነው። በተግባር ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ግን ሕክምናው ነው፦ ቆርቆሮ የቆረጠው እጅ፣ ምስማር የወጋው እግር፣ የቴታነስ መርፌ፣ ስብራት። ለዚህ በነፍስ ወከፍ የክፍያ ጣሪያ ይቀመጥለታል፤ ትንሽ ገንዘብ የመጨመር አቅም ካላችሁ ከሞት ካሳው በፊት ይህን ጣሪያ አስጨምሩ። ለጊዜያዊ ከሥራ መቅረት የሚከፈለው ሳምንታዊ ካሳ ብዙ ጊዜ በደመወዝ ስለሚሰላ ደመወዝ የሌለው ሰው ምንም ላያገኝ ይችላል። በቁርጥ ብር እንዲጻፍ ጠይቁ፤ እምቢ ካሉ ያ ሽፋን ይቅርባችሁ። ሕመም፣ ለምሳሌ ወባ፣ አደጋ ስላልሆነ አይካተትም።

ትልቁ ጣጣ ቅጹ ላይ ነው። «የሥራ ዓይነት» በሚለው ቦታ «በጎ ፈቃድ አገልግሎት» ብሎ ማለፍ ኩባንያው ካሳ ሲጠየቅ «ጣሪያ ላይ እንደምትወጡ አልተነገረኝም» እንዲል በር ይከፍታል። ይልቅ «ግድግዳ ማፍረስ፣ ቆርቆሮ መምታት፣ እስከ 4 ሜትር ከፍታ ላይ መሥራት» ብላችሁ ዘርዝሩ። አረቦኑ ሊጨምር ይችላል፤ ይጨምር። የዕድሜ ገደቡንም አጣሩ፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ተማሪዎች በብዛት ይመጣሉና።

ስም ዝርዝሩ ሌላው ችግር ነው። ሐሙስ የተላከው ዝርዝር ቅዳሜ ጠዋት ከመጣው ሰው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ በስም ሳይሆን በሰው ቁጥር የሚገባ ውል ጠይቁ፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ሰው ስም፣ ዕድሜና የገባበትን ሰዓት ጽፎ የሚፈርምበት መዝገብ ያዙ። ቡድኑ ካልተመዘገበ ዕድሩ ወይም የተመዘገበ ማኅበር ውሉን ሊገባለት ይችላል። ያኔ የካሳው ተጠቃሚ ተጎጂው ወይም ወራሾቹ መሆናቸው በግልጽ ይጻፍ።

የፈረሰው ግድግዳ የጎረቤትን አጥር ወይም አላፊ አግዳሚን ቢጎዳ ይህ ውል አይከፍልም። ለዚያ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት መድን ለብቻው ይገዛል፤ እኛ ሁለቱን አብሮ መግዛትን እንመክራለን። በጭነት መኪና ተጭኖ መሄድና መመለስ ይሸፈን እንደሆነም በጽሑፍ አስመልሱ።

አደጋ ሲደርስ የንግድ ሕጉ ቢበዛ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ማሳወቅ ግድ ይላል፤ የካሳ ጥያቄ ደግሞ በ2 ዓመት ይታገዳል። የሐኪም ማስረጃ፣ ዋናው የመድኃኒትና የሕክምና ደረሰኝ፣ የዕለቱ መዝገብ ቅጂ፣ ሞት ወይም የመኪና አደጋ ከሆነ የፖሊስ ሪፖርት ይቀርባል። ብዙ ጥያቄ የሚንጓለለው ክሊኒኩ ደረሰኝ ላይ የተጎጂውን ስም ትቶ የከፈለውን አስተባባሪ ስም ሲጽፍ ነውና ከካሸሩ መስኮት ሳትርቁ ስሙን አንብቡ።