ከመቅደላ የተወሰደው ቀሚስ፦ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የኢንተርኔት መዝገብ ከደሴ ሲታይ

ደሴ ውስጥ የባህል ልብስ በመጥለፍ እተዳደራለሁ፤ ስለ አንድ የውጭ ሀገር ሙዚየም አገልግሎት ለመጻፍ ያነሣሣኝም አንድ ቀሚስ ነው። ቀሚሱ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ሲሆን፣ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ተወስዶ ዛሬ ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። መቅደላ በተንታ በኩል የሚወጣበት የእኛው የደቡብ ወሎ አምባ ነው፤ ለንደን ግን ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት ይጠይቃል፤ ሁለቱም ከእኔ አቅም በላይ ናቸው። ሙዚየሙ የስብስቡን መዝገብ በኢንተርኔት ለማንኛውም ሰው በነፃ ስለከፈተ ግን ቀሚሱን በስልኬ ለማየት በቅቻለሁ፤ ከዚያም ወዲህ ወራት ሙሉ፣ ሥራ ሳቆም ማታ ማታ፣ ያን መዝገብ ሳገላብጥ ከርሜአለሁ። የሚከተለው ግምገማ ከዚያ የተገኘ ነው።

ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1852 የተመሠረተና ሥዕልንና ሐውልትን ብቻ ሳይሆን ልብስን፣ ሸክላን፣ የብርና የወርቅ ሥራን፣ የቤት ዕቃንና ጨርቃ ጨርቅን እንደ ሙሉ ጥበብ ቆጥሮ የሚሰበስብ ተቋም ነው። በኢንተርኔት የሚታየው መዝገብ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ዕቃዎችን የያዘ ሲሆን፣ መመዝገብም ሆነ መክፈል ሳያስፈልግ ይፈለግበታል። የአንዱ ዕቃ ገጽ ሲከፈት ከምን እንደተሠራ፣ መቼና የት እንደተሠራ፣ ልኩ ስንት እንደሆነ፣ ከማን እጅ ወደ ሙዚየሙ እንደገባ ተጽፎ ይገኛል። ለእኔ የአገልግሎቱ ዋና ዋጋ ያለው በዚህ በመጨረሻው፣ ዕቃው እንዴት እንደመጣ በሚናገረው ክፍል ላይ ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ በመሆኑ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ አነበብኩት፤ መቅደላ የሚለውን ስም እንግሊዞች ቀድሞ በ«ጂ» ፊደል ይጽፉት ስለነበረ በ«ኪው»ም በ«ጂ»ም እየጻፉ መፈለግ ይበጃል።

ቀሚሱ ነጭ የጥጥ ልብስ ነው፤ በላዩ በሐር ክር ተጠልፏል። ምስሉን በሁለት ጣት ከፍቼ ሳሰፋው መጀመሪያ የፈለግሁት የክሩን አካሄድ ነበር፤ ምክንያቱም ጥልፍ የሚነበበው ከሩቅ በሚታየው ሐረግ ሳይሆን መርፌው ጨርቁን በወጋበትና በተመለሰበት ቦታ ነው። ዛሬ እኛ ገበያ ላይ የምናገኘው ክር አብዛኛው ሰው ሠራሽ ስለሆነ ሲያብረቀርቅ አንድ ዓይነት ነው፤ ሐር ግን ብርሃኑን እንደ ስፌቱ አቅጣጫ ይለውጣል፤ አንዱ ቅጠል ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ የተሰፋ እንደሆነ በአንድ ክር ሁለት መልክ ይወጣል። የጥሩወርቅን ቀሚስ የጠለፈው ሰው ይህን ያውቅ ነበር። ምስሉ ጨርቁን ከነክሩ ለይቶ የሚያሳይ ጥራት አለው፤ ነገር ግን እንደ እኔ ያለ ባለሙያ አጥብቆ የሚሻው የጥልፉ የውስጥ በኩል ነው፤ የጠላፊ ችሎታ የሚለየው ከጀርባ ነውና፣ ክሩን የት ጀምሮ የት እንደደበቀ በፊት በኩል ከተነሣ ምስል ማወቅ አይቻልም።

በዚያው ገጽ ቀሚሱ እ.ኤ.አ. በ1869 ለሙዚየሙ እንደተሰጠ፣ ሰጪውም የእንግሊዝ መንግሥት የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትር እንደሆነ ተጽፏል። ለኢትዮጵያ ቀሚስ የሕንድ ሚኒስትር ምን አገባው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር መልሱ፣ በጄኔራል ናፒየር የተመራው ጦር የዘመተው ያኔ በእንግሊዝ ግዛት ከነበረችው ከሕንዷ ቦምቤይ በመሆኑ ነው። እቴጌዋ ራሳቸው ልብሳቸውን ተከትለው እንግሊዝ አልደረሱም፤ ከልጃቸው ከልዑል ዓለማየሁ ጋር በጦሩ ታጅበው ወደ ባሕር ጠረፍ ሲጓዙ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር መንገድ ላይ ዐረፉ። ልጁ ብቻውን ተሻገረ፤ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1868 ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ያነሣችው የልጁ ፎቶግራፍም በዚሁ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ አለ። የእናትየውን ቀሚስና የልጁን ፎቶግራፍ በአንድ ማታ አከታትዬ ከፍቼ አየሁ፤ በማግስቱ መርፌ ለመጨበጥ እጄ እንቢ አለኝ።

ከመቅደላ ዕቃዎች ሁሉ ስመ ጥሩዎቹ የወርቅ አክሊሉና የወርቅ ጽዋው ናቸው። አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1740 ገደማ የተሠራ ሲሆን፣ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ዐፄ ኢያሱ ለጎንደር ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ሳይሆን አይቀርም፤ በላዩም የወንጌላውያንና የሐዋርያት ምስል ከብረቱ እየተቆረቆረ ወጥቶበታል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ሊያኖሩት ካመጡት ንብረት አንዱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የተዘረፈው ሁሉ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰደ፤ እዚያም ሁለት ቀን ሙሉ በጨረታ ተሸጦ ገንዘቡ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ደላንታ ዛሬ የኦፓል ድንጋይ የሚወጣበት ሀገር ነው፤ ድንጋይ ሊገዛ ወደዚያ የሚሄድ ነጋዴ ሁሉ የሚረግጠው ያን የጨረታ ሜዳ መሆኑን ቢያውቅ እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1871 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን ዕቃዎቹ በመወሰዳቸው ማዘናቸውን ለምክር ቤቱ ተናግረዋል። አክሊሉና ጽዋው ግን በተከታዩ ዓመት ሙዚየሙ ገቡ።

ከኢትዮጵያ ዕቃዎች ወጥቼ የቅኝ ግዛት ዘመን የጌጥና የቤት ዕቃዎችን ሳይ ተመሳሳይ መንገድ ደጋግሜ አገኘሁ። በደቡብ ሕንድ የማይሶር ገዥ የነበረው የቲፑ ሱልጣን ነብር የተባለው፣ አንድ አውሮፓዊ ላይ የተከመረ ነብርን የሚያሳይ፣ ሆዱ ውስጥ መዘውር ሲዞር ድምፅ የሚያወጣ ኦርጋን የተገጠመለት የእንጨት ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ1799 ቤተ መንግሥቱ በተያዘ ጊዜ የተወሰደ ነው። በሕንድ ምሥራቅ ጠረፍ በቪዛጋፓታም ከተማ ለእንግሊዝ ኩባንያ ሹማምንት የተሠሩት፣ በዝሆን ጥርስ የተለበጡ ሣጥኖችና ወንበሮች ደግሞ በግዢና በትእዛዝ የወጡ ናቸው። ከእነዚህ የሣጥን ሥራዎች የተማርኩት ብዙ ነው፤ በዝሆን ጥርሱ ላይ ሐረጉን በቀጭኑ ቆርጠው ቁርጡን በጥቁር ቀለም ሲሞሉት፣ ሥራው በነጭ ሸማ ላይ በጥቁር ክር እንደተጠለፈ ሆኖ ይታያል። ሆኖም የባለቤቱ ስም፣ የኩባንያው ስምና የሰጪው ስም ሲገኝ የአናጺው ስም አይገኝም፤ በአብዛኛው ከተማው ብቻ ይጠቀሳል። የጥሩወርቅ ቀሚስም እንደዚሁ ነው፤ የለበሱት እቴጌ ይታወቃሉ፤ የጠለፈው እጅ አይታወቅም።

የዘመኑን ሥራዎች ስከፍት ይህ ነገር ይገለበጣል። ኤድመንድ ደ ዋል የተባለው ሸክላ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ2009 በሸክላ ክፍሉ ጉልላት ሥር 425 የፖርሴሊን ዕቃዎችን በቀይ መደርደሪያ ላይ በክብ አኑሯል፤ ይህ ግን ከታች ቀና ብለው ሊያዩት የተሠራ ስለሆነ በስልክ ብዙም አይታይም። ልቤን የወሰደችው እ.ኤ.አ. በ1950 ናይሮቢ የተወለደችው መግደሊን ኦዱንዶ ናት። በናይጄሪያ አቡጃ ከሴት ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ የተማረች ስትሆን፣ የምታዞረው መንኮራኩር ሳይኖር ጭቃውን በእጇ እያነሣች ታንጻለች፣ ገላውን እስኪያበራ ትወለውላለች፣ አየር በሚገባበት እሳት ስትተኩሰው ቀይ፣ አየሩን አፍና ስትተኩሰው ጥቁር ይወጣላታል። አንገቱ የቀጠነ፣ ሆዱ የሰፋ አንዱን ጥቁር ማሰሮዋን፣ ጀበናና ድስት ይዘው ገበያ ለሚወጡ አንዲት የማውቃቸው እናት አሳየኋቸው። ስልኩን ወደ ፀሐይ ጥላ አዙረው ብዙ ከተመለከቱ በኋላ «ይሄማ በጠጠር የተወለወለ ነው ልጄ፤ ጥቁረቱም የጭስ ነው እንጂ የቀለም አይደለም» አሉኝ። በመዝገቡ ያነበብኩትን ሳልነግራቸው ነው ይህን ያሉት። ቀጥለውም «ስሟን ጽፈውላታል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጽፈውላታል አልኳቸው፤ የተወለደችበትንም፣ የተማረችበትንም። አንገታቸውን ነቅንቀው ወደ ጀበናቸው ተመለሱ።

እኚህ እናት የጠየቁት ጥያቄ ለሙዚየሙ ያለኝን አስተያየት ጠቅልሎ ይዞታል። የዛሬው ሠሪ ስሙ፣ ቃሉና የሥራ ዘዴው በክብር ሲመዘገብ፣ በወረራና በግዛት ዘመን የተወሰደው ዕቃ ሠሪ ግን ያለ ስም ቀርቷል፤ ስሙን ለማግኘትም ዕቃው በተሠራበት ሀገር ካሉ ባለሙያዎች፣ ከገዳማትና ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ መነጋገር ያስፈልጋል። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2018፣ መቅደላ በተያዘች በ150 ዓመቷ፣ 20 ዕቃዎችን በአንድነት ሲያሳይ ከኢትዮጵያ ኤምባሲና በለንደን ካለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ጋር መክሯል፤ ይህን አከብራለሁ። በዚያው ጊዜ ግን ከዳይሬክተሩ የቀረበው ሐሳብ ዕቃዎቹ በረጅም ጊዜ ውሰት ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የእንግሊዝ ሕግም ሙዚየሙ የያዘውን እንዳይለቅ ያስረዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በጋና ለሚኖረው ለአሻንቲ ሕዝብ የተላኩት የወርቅ ዕቃዎች፣ ከዚህ ሙዚየም 17፣ ከብሪቲሽ ሙዚየም ደግሞ 15፣ በሦስት ዓመት ውሰት ነው ኩማሲ የደረሱት። የራስን ዕቃ መዋስ የሚባል ነገር በእኛ ሀገር አነጋገር ቦታ የለውም፤ ዕቃው የባለቤቱ ነው፣ ይመለስም ዘንድ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ካልኩ በኋላ መዝገቡን ማመስገኔ እንዳይጋጭብኝ ምክንያቴን ልናገር። እኛ ደሴ ላይ፣ ቀድሞ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ውስጥ ሙዚየም አለን፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ተዘረፈ። ከዚያ ወዲህ ምስሉ ያልተነሣ፣ ልኩ ያልተወሰደ፣ ምልክቱ ያልተጻፈ ዕቃ ሲጠፋ ሁለት ጊዜ እንደሚጠፋ ገብቶኛል፤ አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ቢገኝ እንኳ የእኛ ነው ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አይኖርምና። ከለንደኑ ሙዚየም የምንቀስመው ሙያ ቢኖር ይህ ነው፦ እያንዳንዱን ማንኪያ፣ እያንዳንዱን አምባር ከነጭረቱና ከነስብራቱ መመዝገብ፣ የመጣበትንም መንገድ፣ መልካም ባይሆን እንኳ፣ መጻፍ። በየገዳሙ፣ በየመስጊዱና በየቤቱ ያለውን የወሎ ቅርስ በዚህ መልክ ለመመዝገብ የሚነሣ ቢኖር የጥልፉን ክፍል እኔ ያለ ክፍያ እሠራለሁ።

ለንደን ዘመድ ላለው ሰው አንድ ጥቆማ ልጨምር። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 በምሥራቅ ለንደን የከፈተው የዕቃ ማከማቻ፣ ማንም ሰው አስቀድሞ ቀጠሮ ይዞ የመረጠውን ዕቃ በቅርበት እንዲያይ የሚያደርግ አገልግሎት አለው፤ መግቢያውም በነፃ ነው። ሁሉም ዕቃ እዚያ ስለማይቀመጥ ከመሄድ በፊት በመዝገቡ ላይ ያለበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል። እዚያ ያለች የአክስቴ ልጅ ስለ ቀሚሱ እንድትጠይቅልኝ ነግሬአታለሁ፤ የምትጠይቀውንም በወረቀት ጽፌ ልኬላታለሁ፦ የጥልፉን ጀርባ እንዲያሳዩአት፣ ክሩ ድርብ ይሁን ነጠላ እንድታይ፣ ስፌቱ ከአንገት ወደ ታች ይሁን ከታች ወደ አንገት የተጀመረ እንደሆነ እንድትለይ። እስከዚያው ድረስ ከምስሉ የቻልኩትን ያህል ሐረጉን በካርቶን ላይ ገልብጬ፣ በነጭ ሸማ ላይ የመጀመሪያውን ስንዝር ጠልፌአለሁ።