ኤፒአይ 20ኢ ስትሪፕ፦ የአንጀት ባክቴሪያ ለመለየት አሪፍ ነው፣ ግን ኮዱን ብቻ ይዛችሁ አትሩጡ

ማሽን ከመጣ ወዲህ ይሄን ስትሪፕ ጊዜው አልፎበታል የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔ ግን አሁንም በጣም ነው የምወደው፣ በተለይ ማልዲ ቶፍ (ባክቴሪያን በፕሮቲኑ የሚለይ ማሽን) ለሌለው ላብ እና ለተማሪ ከሱ የተሻለ ነገር አላየሁም። የሚያሳስበኝ ስትሪፑ ሳይሆን ሰው ውጤቱን የሚያነብበት መንገድ ነው።

ለማያውቀው ሰው፣ የቢዮሜሪዮ ምርት ነው፣ 20 ትንንሽ ቲዩብ ያለው ፕላስቲክ ስትሪፕ፣ በየቲዩቡ የደረቀ ንጥረ ነገር አለ። ግራም ስቴይን (ባክቴሪያን በቀለም የመለያ ዘዴ) አድርጋችሁ ሮዝ ቀለም ያላቸው ዘንግ መሳይ ባክቴሪያዎች መሆናቸውን ካያችሁ በኋላ ንጹህ ኮሎኒ (አንድ ላይ የበቀለ የባክቴሪያ ክምር) አንስታችሁ 5 ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውሃ) ውስጥ በጥብጣችሁ ቲዩቦቹን ትሞላላችሁ፣ 36 ዲግሪ አካባቢ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ታቆዩታላችሁ፣ ከዛ ቀለሙን አይታችሁ ሶስት ሶስቱን እየመደባችሁ ፖዘቲቭ ለሆነው እንደየቦታው 1፣ 2 ወይም 4 ሰጥታችሁ ትደምራላችሁ። ኦክሲዴዝ የሚባለው ለብቻው የሚሰራ የኢንዛይም ምርመራ 21ኛ ሆኖ ይገባና ባለ 7 አሃዝ ኮድ ይወጣል፣ ለምሳሌ 5144552 ከመጣ ኢ ኮላይ ነው።

የምወደው ለምን መሰላችሁ፣ ባክቴሪያው ምን እንደሚሰራ በአይናችሁ ስለምታዩት ነው። የዩሪያ ቲዩቧ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ስትሆን ፕሮቲየስ የሚባለው ባክቴሪያ ዩሪያን ሰብሮ አሞንያ እያመረተ ነው ማለት ነው፣ ይሄው ነገር ሽንት ውስጥ ሲሆን ሽንቱ አልካላይን ይሆንና የኩላሊት ጠጠር ይመጣል። ቀለሙና በሽታው አንድ ላይ ይገቡላችኋል፣ ማሽን ስሙን ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

አሰራሩ ላይ ግን ችኮላ አይወድም። ኤዲኤች፣ ኤልዲሲ፣ ኦዲሲ፣ ኤችቱኤስ እና ዩሪያ የሚባሉት ቲዩቦች ላይ ሚኔራል ኦይል ማድረግ ግድ ነው አየር እንዳይገባ፣ ሲትሬት፣ ቪፒ እና ጄላቲን ደግሞ ቲዩቡም ከላይ ያለው አፉም መሞላት አለበት። ቪፒ ላይ ሪኤጀንት (ቀለም የሚያወጣ ኬሚካል) ጨምሮ ወዲያው ኔጌቲቭ ብሎ የሚጽፍ ሰው አይቻለሁ፣ 10 ደቂቃ መጠበቅ አለበት። ኦክሲዴዙን ደግሞ ከማኮንኪ (የባክቴሪያ ማብቀያ) ላይ አትስሩ፣ በኒክሮም ሉፕም (የብረት ኮሎኒ ማንሻ) አትስሩ፣ የውሸት ውጤት ይሰጣል፣ እና ይቺ አንድ ቁጥር ከተሳሳተች ቪብሪዮ እና ኤሮሞናስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ከነ ኢ ኮላይ ጋር ሊምታቱ ይችላሉ። ኮሎኒው ንጹህ ካልሆነ ደግሞ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው፣ የሁለት ባክቴሪያ ቅልቅል የሚሰጣችሁ ኮድ የማንም አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ስትሪፑ የባክቴሪያውን ስም ይሰጣል እንጂ በሽታውን አይናገርም። ሰገራ ውስጥ ኢ ኮላይ ተገኘ ብሎ ሪፖርት ማድረግ ምንም ማለት አይደለም፣ ጤነኛ ሰው አንጀት ውስጥም አለ፣ ያው ኢ ኮላይ ሽንት ውስጥ በብዛት ሲገኝ ግን ከሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መነሻዎች ዋነኛው ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ላለበት ልጅ ስትሪፑ ኢ ኮላይ ቢላችሁ ኦ157 የሚባለው ዓይነት ይሁን አይሁን አታውቁም፣ እሱ ደግሞ የሺጋ መርዝ አምርቶ ኩላሊት ሊያበላሽ የሚችለው ነው፣ አንቲባዮቲክ መስጠት ራሱ ነገሩን ሊያባብስ ስለሚችል ሐኪሙ በጊዜ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ሶርቢቶል ያለው ማኮንኪ እና አንቲሴረም (የባክቴሪያውን ዓይነት በፀረ እንግዳ አካል የሚለይ ፈሳሽ) ያስፈልጋል።

ሺጌላ (ደም ያለው ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ) ላይ ደግሞ ስትሪፑን ለብቻው በፍጹም አልተማመንበትም። ሺጌላና ኢ ኮላይ በዘር ደረጃ በጣም ቅርብ ስለሆኑ ላክቶስ የማይበላ ቀርፋፋ ኢ ኮላይ ሲመጣ ይምታታል፣ ማልዲ ቶፍም ቢሆን እነዚህን ሁለቱን በደንብ አይለይም። ሺጌላ ደግሞ ከ10 እስከ 100 ባክቴሪያ ብቻ ሰው ሊያሳምም የሚችል ነው፣ አንድ ቤት ውስጥ ከገባ ቶሎ ይዛመታል፣ እንደዚህ ያለ ነገር በግምት አይለቀቅም። ሳልሞኔላ ታይፊም (የታይፎይድ ባክቴሪያ) እንደዛው፣ ኤችቱኤስ (የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ) በጣም ትንሽ ነው የሚያሳየው፣ ሲትሬቱም ኔጌቲቭ ነው፣ ሌሎች ሳልሞኔላዎችን የለመደ አይን ዝም ብሎ ያልፈዋል። የታይፎይድ ጥርጣሬ ካለ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የደም ካልቸር (ባክቴሪያውን ከደም ማብቀል) ነው የሚሻለው፣ የተገኘውም በስትሪፕ ከታየ በኋላ በአንቲሴረም ይረጋገጥ። ካምፒሎባክተር የሚባለውን የተቅማጥ ባክቴሪያ በዚህ ስትሪፕ አትፈልጉት፣ የተሰራው ለሱ አይደለም።

ሌላ ድክመቱ ጊዜ ነው፣ መጀመሪያ ካልቸር አንድ ቀን፣ ከዛ ስትሪፑ ሌላ ቀን፣ ግሉኮስ ኔጌቲቭ ሆኖ ፖዘቲቭ ቲዩቦቹም ከ3 ካነሱ ሪኤጀንት ሳትጨምሩ እንደገና 24 ሰዓት ትመልሱታላችሁ። ሴንሲቲቪቲም (የትኛው አንቲባዮቲክ እንደሚሰራ) አይሰጥም፣ ለብቻው መሰራት አለበት። በጣም ለታመመ ሰው ይሄ ሁሉ ረጅም ነው።

በኔ በኩል የሽንት ካልቸር በብዛት ለሚሰራ ላብ ያለምንም ማመንታት ግዙት እላለሁ፣ ሰገራ ለሚሰራ ግን የሺጌላና የሳልሞኔላ አንቲሴረም ፍሪጅ ውስጥ ከሌለ መጀመሪያ እሱን አሟሉ። ስታዙ ደግሞ የቲዲኤ፣ የጄምስ (ለኢንዶል ምርመራ የሚጨመረው) እና የቪፒ ሪኤጀንቶች ለብቻ እንደሚታዘዙ አትርሱ፣ ስትሪፑም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው።