የፈረስ አፍንጫ ማሰሪያ መለኪያ፦ ዝም ማለት ለሰለቸው ሰው

ፈረስ ውድድር አካባቢ የምትውሉ ከሆነ ይህችን ዕቃ ግዙ። ጫፏ የቀጠነ ጠንካራ ፕላስቲክ ናት፤ ኪስ ውስጥ ትገባለች። ሥራዋ አንድ ነው፤ የፈረሱ አፍንጫ ማሰሪያ፣ ማለትም አፍንጫውንና መንጋጋውን ዙሪያውን የሚይዘው ጠፍር፣ ከልክ በላይ ጠብቆ እንደሆነ ትነግራችኋለች።

አጠቃቀሟ ቀላል ነው። ከፊት በኩል፣ የአፍንጫው አጥንት ላይ፣ በማሰሪያው ሥር ታስገቧታላችሁ። እስከ ምልክቷ ድረስ ከገባች ፈረሱ 1.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት አለው ማለት ነው፤ ካልገባች ማሰሪያው ይላላ። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ይህን ልክ እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራ ላይ አውሎታል።

ድሮ በጣት ሲለካ ክርክሩ «ጣቴ ይገባል እኮ!» ነበር። አዎ ይገባል፣ ግን የት ጋ? ጉንጩ ጋ ያለው ሥጋ ለስላሳ ስለሆነ ጣት ተገፍቶ ይገባል፤ አጥንቱ ላይ ግን የሚለጠጥ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት 750 የውድድር ፈረሶችን ለክቶ ነበር። 44 በመቶው ላይ የጣት ክፍተት ጨርሶ አልተገኘም፤ ሁለት ጣት ያስገቡት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኔን በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ፈረስ አፉን ሲያመው ይከፍተዋል፣ ማሰሪያው ሲጠብቅ ግን መክፈት አይችልም፣ ዳኛውም ረጋ ያለ ፈረስ ያየ ይመስለዋል።

ጋጣ ውስጥ መናገር ከባድ ነው። አሰልጣኙ ዋንጫ ያነሳ ሰው ነው፣ አንተ ገና ተማሪ ነህ። «ጨከኑበት» ብትለው «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ?» ይልሃል። «አልገባችም፣ እስቲ ይዩት» ስትለው ግን ማየት ግድ ይሆንበታል። አንዱ አሰልጣኝ እያጉረመረመ ሲያላላ ቆሜ አይቻለሁ። ከጠፍሩ ሥር ያለው ፀጉር ተጨፍልቆ መስመር ሠርቶ ነበር፤ ፈረሱ ወዲያው አዛጋ፣ ከንፈሩን ደጋግሞ ላሰ።

ዝም ሲባል ምን እንደሚሆን አይተናል። የብሪታንያዋ የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ጋላቢ ሻርሎት ዱጃርዲን የፈረስ እግር በአለንጋ ደጋግማ ስትገርፍ የሚያሳየው ቪዲዮ የወጣው ከተቀረጸ ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ሊጀመር ሲል ነው። የአንድ ዓመት እገዳና 10,000 የስዊስ ፍራንክ ቅጣት ተጣለባት። ያ ሁሉ ዓመት ግን በዝምታ አለፈ።

ጉድለት አላት። አለንጋውን አትለካም፣ ጋላቢው ጫማ ላይ ያለውን የጎን መውጊያም አትለካም። ምን ያህል እንደጠበቀም በቁጥር አትነግራችሁም፤ ገባች ወይ አልገባች፣ በቃ። ፊቱን መነካት የማይወድ ፈረስ ካለ መጀመሪያ አሽትቷት ይልመዳት።

ከውድድር በፊት ብቻ ለክታችሁ እንዳትተዉት፤ ማሞቂያው ሜዳ ላይ መልሶ የሚያጠብቅ ሞልቷል። ሲወጣም ለኩ፣ ግን ፍጠኑ፤ አንዳንዱ ጋላቢ ገና ሳይወርድ ሊያላላው እጁ ወደ ዘለበቱ ነው የሚሄደው።