ጣሪያዋ ላይ ድንኳን ለተጫነባት መኪና የትኛው ኢንሹራንስ ያዋጣል?

እንግዳ ጭነን ከጅማ ተነስተን፣ ጎጀብን ተሻግረን ካፋ ጫካ የምናድር ሰዎች ኢንሹራንስ ቢሮ ስንገባ አፋችን ላይ የሚቀድመው «ስንት ይደርሳል?» ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ላንድክሩዘሬ ጣሪያዋ ላይ ድንኳን፣ ጎኗ ላይ የሚዘረጋ ጥላ፣ ኋላዋ ላይ ፍሪጅና የጋዝ ምድጃ ካስገጠምኩላት በኋላ እንኳ የድሮውን ውል እያሳደስኩ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ።

ሰርድ ፓርቲን፣ ማለትም የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስን፣ አማራጭ ማለት ይከብዳል፤ በአዋጅ ግዴታ ነው። ስቲከሩ ከሌለ ትራፊክ አያሳልፋችሁም። ታሪፉ በመንግሥት የተወሰነ ስለሆነ ርካሽ ፍለጋ ጅማ ውስጥ ከሄርማታ ፈረንጅ አራዳ መንከራተት አያስፈልግም። የሚከፍለው ለሌላ ሰው አካልና ንብረት ነው፤ ያውም ሕጉ እስካስቀመጠው ጣሪያ ድረስ። የራሳችሁ መኪና ገደል ብትገባ አምስት ሳንቲም የላችሁም።

ከዚያ ከፍ የሚለው እሳትና ስርቆት የሚጨመርበት ነው። ጋዝ ይዞ ለሚሄድ ሰው ትርጉም አለው፤ ግን ግጭትና መገልበጥን አይነካም። በክረምት ጭቃና ጭጋግ ውስጥ የሚነዳ ሰው ከቃጠሎ ይልቅ መንሸራተት ነው የሚያሰጋው። ዓመቱን ግቢ ቆማ በበጋ ብቻ ለምትወጣ አሮጌ መኪና ካልሆነ አልመክረውም።

ቀሪው ግጭትና መገልበጥንም የሚይዘው ሙሉ ሽፋን ነው፤ ነገር የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። እኔ ሙሉ ገብቼ ነበር። ጎጀብን እንዳለፍን የዋንዛ ቅርንጫፍ ድንኳኑን ከነመደገፊያ ብረቱ ነቅሎ ጣለው። የካሳ ክፍሉ ልጅ ውሉን ገልጦ ጣቱን «ተጨማሪ ዕቃዎች» ከሚለው መስመር ላይ አሳረፈ። እዚያ ያለችው አንዲት ሰረዝ ናት። ከፋብሪካ ጋር ያልመጣ ዕቃ ስሙና ዋጋው ካልተጻፈ እንደሌለ ይቆጠራል። የተቦጨረው የጣሪያ ቀለም ደግሞ ኤክሰሱን፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ጉዳት እኛ ራሳችን የምንሸፍነውን ድርሻ፣ እንኳ አላለፈም። በዚያ ቀን የተሳፈሩት ዘመዶቼ ሆኑ እንጂ ከፋይ እንግዶች ቢሆኑ ኖሮ ሌላ መስመርም ይጠብቀኝ ነበር፦ «አገልግሎት፦ የግል»። ዓረቦኑ (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ክፍያ) እንዲቀንስ ብሎ የግል ያስጻፈ ሰው፣ አደጋው ኪራይ ላይ ከደረሰ ካሳውን ያጣል።

ሌላው ወጥመድ የመኪናዋን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ማስጻፍ ነው። ገበያ ላይ 4 ሚሊዮን ብር የምታወጣውን በ2 ሚሊዮን ካስገባችኋት፣ 300,000 ብር ጉዳት ሲደርስ የሚታሰብላችሁ ግማሹ፣ 150,000 ብር ነው፤ ኤክሰሱ ገና ሳይቀነስ።

አሁን ሁለት ፕሮፎርማ ጎን ለጎን እናድርግ፤ ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል ናቸው። ሁለቱም ለ4 ሚሊዮን ብር መኪና ነው። «ሀ» ዓረቦኑ 60,000 ብር፣ ኤክሰሱ የጉዳቱ 10 በመቶ ሆኖ ከ15,000 ብር አያንስም። «ለ» ዓረቦኑ 70,000፣ ኤክሰሱ ቁርጥ 7,000 ብር። መስታወትና ፓራፋንጎ ተሰብሮ 14,000 ብር ቢጠይቅ «ሀ» ምንም አይከፍልም፣ «ለ» 7,000 ይሰጣል፤ በዓረቦን የ10,000 ልዩነት ስላለ እስካሁን «ሀ» ይሻላል። ጉዳቱ 200,000 ከሆነ ግን «ሀ» 20,000 ይቆርጣል፣ «ለ» 7,000፤ ርካሹ ተወደደ ማለት ነው። ትንሿን ጉዳት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኪሴ ከፍዬ ጋራዥ አሠራታለሁ፤ ካሳ ከተጠየቀ በሚቀጥለው እድሳት ካሳ ላልጠየቀ የሚሰጠው ቅናሽ ይቀራል።

በተጨማሪ ከሚሸጡት ውስጥ ለእኛ ሥራ የተሳፋሪ ኃላፊነትን አታስቀሩ። ቢ.ኤስ.ጂ. የሚባለው የሽፍታ ሽፋን እንደምትሄዱበት መንገድ ይወሰናል። ሞያሌን አልፎ ኬንያ ለሚገባ የኮሜሳ የሎው ካርድ፣ ማለትም ድንበር ተሻግሮ የሚሠራ የሰርድ ፓርቲ ሽፋን፣ ያስፈልገዋል። ከወለድ መራቅ ለሚፈልግ ታካፉል የሚባለው የእስልምናን ሕግ የተከተለ ኢንሹራንስ አለ፤ እሱም ላይ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ጠይቁ። በመኪና የሚጎተት ካራቫን ያለው ሰው ካለ ደግሞ፣ ተሳቢ የራሱ ሰሌዳ ስላለው በጎታቿ ውል ይሸፈናል ብሎ እንዳይተኛ።

እኔ ዘንድሮ እንደ «ለ» ያለውን ይዣለሁ። አገልግሎቱ «ኪራይ» ተብሏል፤ ድንኳኑና ጥላው ከነዋጋቸው ተጽፈዋል። ፍሪጁ አርጅቷል፣ እሱን ትቼዋለሁ።