ክሩሲብል፣ ሼፊልድ፦ ተዋናዮች የሚመሩት ቤትና የወንበር ምርጫው

እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ ያለው ቴአትር ቤት፣ ክሩሲብል፣ ለመግባት ትኬት የሚቆርጥ ሰው ከዋጋው በፊት ወንበሩ በየትኛው ጎን እንዳለ ይመልከት። መድረኩ ወደ አዳራሹ ገፍቶ የወጣ፣ በሦስት በኩል በተመልካች የተከበበ ነው። መጋረጃ የለውም። በ1971 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የተከፈተው ቤት ወደ 980 ወንበሮች አሉት፤ የኋላ ረድፍ ላይ የተቀመጠ እንኳ የተዋናዩን ፊት ይለያል። ይህ የመድረክ ንድፍ ባለሙያዋ የታኒያ ሞይሴይዊች ንድፍ ትሩፋት ነው።

ችግሩ ከጎኖቹ ይጀምራል። አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር ውስጥ ሁሉን ፊት ለፊት ማየት የለመደ ሰው፣ ግማሽ ትዕይንት የተዋናይ ጀርባ ሲያይ ይናደዳል፤ ቢናደድም አይፈረድበትም። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የአዘጋጁ ነው። ሁለት ሰዎች መድረኩ መሀል ላይ ፊት ለፊት ተፋጠው ከቆሙ አንዱ ጎን ምንም አያይም። በሰያፍ ቢቆሙ፣ በየጥቂቱም ቢዟዟሩ ፊታቸው ለሁሉም ይዳረሳል። ከፍ ያለ ቁም ሣጥን ወይም ግድግዳ ከኋላ እንጂ ከጎን አይቆምም። መብራትም ከፊት ብቻ ከመጣ የጎን ተመልካች ጥላ ያያል፤ ዝቅ ብሎ ከጎን ከመጣ ደግሞ ማዶ የተቀመጠውን ዓይን ይወጋል።

ይህን ከቢሮ ሆኖ ማወቅ ይከብዳል። ቤቱን በተከታታይ የመሩት ሳሙኤል ዌስት፣ ዳንኤል ኤቫንስና ሮበርት ሄስቲ ሦስቱም ተዋናዮች መሆናቸው ለዚህ ነው ብሎ መገመት አይከፋም።

ኤቫንስ የእንግሊዝ ቴአትር ሽልማት የሆነውን ኦሊቪየርን ሁለት ጊዜ የወሰደ የሙዚቃዊ ቴአትር ሰው ነው። በ2009 ሲረከብ ቤቱ እድሳት ላይ ነበር፤ በ2010 በኢብሰን «የሕዝብ ጠላት» ከፈተው፣ ያዘጋጀውም ራሱ ነው። በ2011 ደግሞ እዚያው በሶንዳይም ሙዚቃዊ ቴአትር «ካምፓኒ» ዋናውን ገጸ ባሕርይ ተጫወተ። አለቃ ሆኖ መተወን ያስከብራል፤ ግን ዋጋ አለው። ለሳምንታት ልምምድ ላይ ያለ ሰው በጀት አይፈርምም፣ ከቦርድም ጋር አይሰበሰብም። ሼፊልድ ላይ ሥራው ያልተጓተተው ገንዘቡንና አስተዳደሩን የሚይዝ ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ ዳን ቤትስ፣ ጎኑ ስለነበር ነው። ይህን ሰው ሳያገኝ ተዋናይን የአለቃ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ የክልል ቴአትር ወይ ተዋናዩን ያጣል፣ ወይ ሥራ አስኪያጁን።

ኤቫንስ በ2016 ወደ ቺቸስተር ከተማ ቴአትር ቤት ሄደ። እዚያም መድረኩ ገፍቶ የወጣ ነው፤ ዕውቀቱ አልባከነም። ከ2023 ጀምሮ ከታማራ ሃርቪ ጋር የሮያል ሼክስፒር ኩባንያን ይመራል፤ በ2025 የኩባንያው ስዋን መድረክ ላይ ንጉሥ ኤድዋርድ 2ኛን ተጫወተ።

ወደ ትኬቱ እንመለስ። ሙዚቃዊ ሥራ ከሆነ መሀለኛው ክፍል ይሻላል፤ ጭፈራው ሙሉ ቅርጹን የሚያሳየው ከዚያ ነው። ሁለት ሦስት ተዋናይ ብቻ ያለበት ድራማ ከሆነ የጎን የፊት ረድፎች አይናቁም፣ ቅርበቱ ያካክሳል። የጎን ጠርዝ የኋላ ወንበር ግን በቅናሽም ቢሆን አይመከርም። አጠገቡ ያለው ላይሲየም ቴአትር ባለ መጋረጃ፣ ተመልካቹ ሁሉ ፊት ለፊት የሚቀመጥበት ቤት ስለሆነ ይህ ሁሉ ሒሳብ እዚያ አይሠራም። ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ እስከ ግንቦት መጀመሪያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ክሩሲብልን የዓለም ስኑከር (የጠረጴዛ ኳስ ጨዋታ) ሻምፒዮና ይይዘዋል፤ ከ1977 ጀምሮ እንዲሁ ነው። ያን ጊዜ ቴአትር ፍለጋ ወደ ክሩሲብል አይኬድም።